“ወንድ ልጅ ይዘገያል” በሚል የሚባክነው ጊዜ፦ የሕፃናት የአንጎልና የእንቅስቃሴ ዕድገት

በገጠር ቀበሌዎችም ሆነ በከተማ መንደሮች የሚሰማው ታሪክ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሕፃኑ ዘጠኝ ወር ሞልቶታል፤ አንገቱ ግን በወጉ አልጸናም፤ ሲያስቀምጡት ወደ ጎን ይዘነበላል። እናት ትሰጋለች። ጎረቤት “ወንድ ልጅ ይዘገያል” ይላል። አያት “አባቱም እንዲሁ ነበር” ብለው ያጽናናሉ። መኸሩ ይደርሳል፤ አጨዳውና ውቂያው ይቀድማል። በዚህ መካከል ዓመት ያልፋል። ልጁ በመጨረሻ ወደ ሐኪም ሲቀርብ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እግሮቹ መቀስ ሠርተው ተቆላልፈዋል፤ አንድ እጁም ተጨብጦ አልፈታ ብሏል።

ዘግይቶ የሚራመድ ልጅ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም፤ አብዛኛው ጤነኛ ነው። ጎረቤትና አያት የሚናገሩትም ከክፋት የመነጨ ሳይሆን ካዩት ነው። ችግሩ ያለው ጤነኛውን ዘግይቶ ተራማጅ እርዳታ ከሚያስፈልገው ልጅ ለመለየት የሚያስችል መለኪያ በቤትም ሆነ በጤና ኬላ በልማድ ሥራ ላይ አለመዋሉ ነው። መለኪያው ግን አለ፤ ውድም አይደለም።

አንጎል የሚገነባበት ወቅት

ሰው ሲወለድ የአንጎሉ ክብደት ከአዋቂ ሰው አንጎል ሩብ ያህል ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን ወደ አራት አምስተኛ ይጠጋል። በሌላ የዕድሜ ክልል አንጎል በዚህ ፍጥነት አያድግም። በእነዚህ ዓመታት የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ ይገናኛሉ። የሚሠራባቸው መስመሮች ይጠነክራሉ፤ የማይሠራባቸው ይከስማሉ። ነርቮቹም መልእክትን የሚያፋጥን የስብ ሽፋን ይለብሳሉ።

እንቅስቃሴም የዚሁ ግንባታ አካል ነው። ሕፃኑ እቃ ለመያዝ እጁን ሲዘረጋ ከአንጎል ቅርፊት የሚነሣው ትእዛዝ በኅብለ ሰረሰር አልፎ ጡንቻው ዘንድ ይደርሳል። በስተኋላ ያለው ትንሹ አንጎል ሚዛኑን ያስተካክላል። በአንጎል ውስጠኛ ክፍል የሚገኙ የነርቭ ሴል ክምችቶችም የትኛው እንቅስቃሴ እንዲጀመር፣ የትኛው እንዲገታ ይወስናሉ። የቀኙን የሰውነት ክፍል የሚያዘው የግራው የአንጎል ክፍል ሲሆን የግራውን የሚያዘው ደግሞ የቀኙ ነው። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ቢጎዳ ጉዳቱ በእጅ፣ በእግር፣ በአንገት ወይም በአንደበት ላይ ይታያል። እግሩ አልታዘዝ ያለው ልጅ ችግሩ ብዙ ጊዜ እግሩ ላይ አይደለም የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ግን አንድ ትልቅ ጸጋ አለው። ከጉዳት የተረፈው ክፍል በልምምድ አዲስ መስመር ሊዘረጋ ይችላል። ይህ ችሎታ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍተኛ ሲሆን እየቆየ ይቀንሳል። አባቶች “ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ” የሚሉት ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

በአንድ ስም የማይጠሩ እክሎች

የአንጎልና የነርቭ ዕድገት እክሎች ብዙ ናቸው። እንቅስቃሴን በቀጥታ የሚጎዳውና በስፋት የሚታወቀው ሴሬብራል ፓልሲ ነው። ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ከተወለዱ በኋላ ባለው አጭር ጊዜ በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ከሚደርስ ጉዳት የሚመጣ ነው። የአንጎል ጉዳቱ ራሱ እየባሰ አይሄድም። ክትትል ካልተደረገ ግን ጡንቻው ያጥራል፤ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ የዳሌ አጥንትም ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ቤተሰብ “በሽታው ባሰበት” የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይህን መከላከል ይቻል የነበረ ተከታይ ጉዳት ነው። በበለጸጉ አገራት ከ1 ሺህ ሕፃናት እክሉ የሚታይባቸው ከ2 ያነሱ ሲሆኑ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት ግን ቁጥሩ ከ3 በላይ እንደሚደርስ ጥናቶች ያመለክታሉ።

ኦቲዝም በዋናነት በግንኙነት፣ በንግግርና በባሕርይ ላይ የሚታይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። ብዙዎቹ ልጆች በእንቅስቃሴም ይቸገራሉ፤ በእግር ጣት ጫፍ መራመድ፣ ኳስ መያዝ አለመቻል፣ ሚዛን ማጣት ይታይባቸዋል። የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቁነጥነጥ ካለባቸው ልጆችም ብዙዎቹ እርሳስ መያዝና ቁልፍ መቆለፍ ይከብዳቸዋል። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሕፃናት ጡንቻቸው የላላ በመሆኑ ዘግይተው ይቀመጣሉ፣ ዘግይተውም ይራመዳሉ፤ አብዛኞቹ ግን መራመዳቸው አይቀርም።

ከእነዚህ ሁሉ በቀላሉ የማይታወቀው ደግሞ የእንቅስቃሴ ቅንጅት እክል ነው። ለትምህርት ከደረሱ 100 ልጆች ከ5 እስከ 6 የሚሆኑት አለባቸው ተብሎ ይገመታል። ልጁ ይራመዳል፣ ይናገራል፣ ያስባል። ነገር ግን ጽሑፉ አይነበብም፤ ሲሮጥ ይወድቃል፤ ውኃ ሲቀዳ ይደፋል። በቤትም በትምህርት ቤትም “ዝርክርክ” ወይም “ሰነፍ” ተብሎ ይቀጣል። የሚያስፈልገው ግን ሥራውን በትንሽ በትንሹ ከፍሎ የሚያለማምደው ሰው ነው።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

በማኅበረሰቡ ዘንድ እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ ጥያቄው ብዙ ጊዜ “ማን ረገማቸው?” ወደሚለው ይሄዳል። እናት ትወቀሳለች፤ አንዳንዱ ልጅ ከእንግዳ ዐይን ተደብቆ ያድጋል። እምነትና ጸሎት ለቤተሰብ ብርታት ነው፤ ፀበል የሚወስድ ቤተሰብም ሕክምናውን ማቋረጥ አይጠበቅበትም። ዋናው ነገር ከሚታወቁት ምክንያቶች ብዙዎቹ እርግማን ሳይሆኑ ሊከላከሏቸው የሚቻሉ መሆናቸው ነው።

የመጀመሪያው በወሊድ ጊዜ መታፈን ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ ካልተነፈሰ በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ በሠለጠነ እጅ አየር ሊሰጠው ይገባል። በ2019 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት እናቶች 48 በመቶ እንደነበሩ ያሳያል። ከሦስት ዓመት በፊት 26 በመቶ ከነበረው ጋር ሲነጻጸር መሻሻሉ ትልቅ ነው። ሆኖም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወሊዶች በቤት ይፈጸሙ እንደነበር ይኸው ጥናት ይመሰክራል። በቤት ውስጥ ያችን አንድ ደቂቃ የሚታደግ መሣሪያም ባለሙያም የለም።

ሁለተኛው የአራስ ሕፃን ቢጫ መሆን ነው። ቀለል ያለው በራሱ ይጠፋል። ነገር ግን በተወለደ በመጀመሪያው ቀን የታየ፣ ወይም እስከ መዳፍና ውስጥ እግር የወረደ ቢጫነት አደገኛ ነው። በደም ውስጥ የተከማቸው ንጥረ ነገር ወደ አንጎል ገብቶ የእንቅስቃሴና የመስማት ክፍሎችን ያቆስላል። ሕፃኑን በረንዳ ላይ ፀሐይ ማሞቅ በሕክምና ተቋም የሚሰጠውን የብርሃን ሕክምና አይተካም፤ የሚበጀው በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና መውሰድ ነው።

ሦስተኛው ኢንፌክሽን ነው። ማጅራት ገትር ያጠቃው ሕፃን ከሞት ቢተርፍ እንኳ የመስማት፣ የእንቅስቃሴ ወይም የሚጥል በሽታ ችግር ሊቀርበት ይችላል። ያለ ጊዜ መወለድም ሌላው ምክንያት ነው። ከዘር የሚመጡ ምክንያቶችም አሉ፤ እነዚህ በማንም ጥፋት የሚመጡ አይደሉም።

ከማሳና ከጓዳ ጋር ያለው ትስስር

የአንጎል ዕድገት ከግብርና የራቀ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። አይደለም። በደጋማ አካባቢዎች ዝናብና ጎርፍ ለዘመናት አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑንም አብሮ ወስዶታል። በዚህ አፈር የበቀለ ሰብል፣ ይህን የሚግጥ ከብትም አዮዲን ያጥረዋል። እጥረቱ በአዋቂ ላይ በእንቅርት ይታወቃል፤ በፅንስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን አይታይም። አዮዲን በእጅጉ ያጣች ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ በአእምሮው፣ በመስማቱና በእግሩ ሊጎዳ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የአዮዲን እጥረትን ሊከላከሉት ከሚቻሉ የአንጎል ጉዳት ምክንያቶች ቀዳሚ አድርጎ ይጠቅሰዋል።

ኢትዮጵያ የምግብ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 አውጥታለች። ደንቡ ጓዳ ድረስ ካልዘለቀ ግን ጥቅሙ ጎዶሎ ነው። ጨው በተከፈተ ዕቃ ፀሐይና እርጥበት እየመታው ሲቆይ፣ ወይም ወጡ ገና ሲጣድ ገብቶ ለረዥም ጊዜ ሲፈላ አዮዲኑ ይቀንሳል። የተሻለው በክዳን ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ነው።

ፎሊክ አሲድም እንዲሁ ነው። የፅንሱ ኅብለ ሰረሰር የሚዘጋው በተፀነሰ በ28ኛው ቀን አካባቢ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ስለዚህ ክኒኑ ከእርግዝና በፊት ካልተጀመረ ለዚህ ጉዳት አይደርስም። ጎመን፣ ባቄላ፣ ምስርና ሽምብራ ፎሌት ያላቸው የጓሮና የማሳ ምርቶች ቢሆኑም ክኒኑን ሙሉ በሙሉ አይተኩም።

ፀረ ተባይ ኬሚካልም ጥንቃቄ ይሻል። ማላታይንን የመሳሰሉ ኬሚካሎች የሚመደቡበት ክፍል ተባዩን የሚገድለው ነርቩን በማወክ ነው። በአሜሪካ እናቶችንና ልጆችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች በእርግዝና ወቅት ለዚህ ዓይነት ኬሚካል በብዛት መጋለጥ ከልጆች የአእምሮ ዕድገት መዘግየት ጋር ተያይዞ እንደተገኘ አመልክተዋል። ነፍሰ ጡር ኬሚካል እንዳትበጠብጥ፣ የረጪውን ልብስ እንዳታጥብ፣ የኬሚካሉ ዕቃ ለውኃ ወይም ለዘይት ማስቀመጫ እንዳይውል ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጓያን በብዛትና ለረዥም ጊዜ በመመገብ የሚመጣው የእግር ሽባነት በአርሶ አደሩ ዘንድ የታወቀ ነው። እርሱ ከዚህ የተለየ ሕመም ነው፤ ደህና ሲራመድ የነበረን ሰው የሚያጠቃ እንጂ ከጨቅላነት የሚጀምር አይደለም። የሚበላው ነገር ነርቭን ሊጎዳ እንደሚችል ግን ጥሩ ማስረጃ ነው።

የክትባት ቀን የያዘው ዕድል

የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 የእንቅስቃሴ ዕድገት መለኪያ አውጥቷል። በዚህ መሠረት ጤነኛ ሕፃን ያለ ድጋፍ የሚቀመጠው ከ3.8 እስከ 9.2 ወር ባለው ጊዜ ነው። በእጅና በጉልበት የሚድኸው ከ5.2 እስከ 13.5 ወር ነው፤ ጥቂት ጤነኛ ልጆች ጭራሽ ሳይድሁ ይራመዳሉ። ብቻውን የሚቆመው ከ6.9 እስከ 16.9፣ ብቻውን የሚራመደው ደግሞ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ነው።

ክልሉ ሰፊ መሆኑ “ይዘገያል” የሚሉትን በከፊል እውነተኛ ያደርጋቸዋል፤ በ9 ወሩ የተራመደና በ16 ወሩ የተራመደ ሁለቱም ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ክልሉ መጨረሻም አለው። ከመጨረሻው ያለፈ ልጅ መታየት አለበት።

እነዚህ የመጨረሻ ድንበሮች ከክትባት መርሐ ግብሩ ጋር መቀራረባቸው ልብ ሊባል ይገባል። ሕፃናት በኢትዮጵያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው፣ ከዚያም ለኩፍኝ በ9 እና በ15 ወራቸው ወደ ጤና ተቋም ይመጣሉ። በ14 ሳምንቱ “አንገቱን ወደ ማጽናት ነው ወይ?” ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። በ9 ወሩ “ሳይደገፍ ይቀመጣል ወይ? ሁለቱንም እጁን እኩል ይጠቀማል ወይ?” የሚለው ይከተላል። በ15 ወሩ ደግሞ “ይቆማል ወይ? ሲጠሩት ዞር ይላል ወይ? በጣቱ ያመለክታል ወይ?” ይባላል። ለእነዚህ ጥያቄዎች ማሽን አያስፈልግም። እናቲቱ መጥታለች፤ ልጁም በእጇ ነው። ክብደቱ ይለካል፤ መርፌው ይወጋል። እንቅስቃሴው ካልተጠየቀ ግን ያ ዕድል ያመልጣል።

ቤተሰብ ራሱ የሚያያቸው ምልክቶችም አሉ። ከ4 ወር በኋላ አንገት አለመጽናት ወይም እጅ ሁልጊዜ ተጨብጦ መቅረት፣ ሲያነሡት እግሮቹ እንደ መቀስ መጠላለፍ፣ ሰውነት ከልክ በላይ መገተር ወይም እንደ ጨርቅ መላላት ይገኙባቸዋል። አንድ ዓመት ሳይሞላው አንድን እጅ ብቻ መጠቀምም እንዲሁ ነው። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ “ግራኝ ሊሆን ነው” ተብሎ በፈገግታ ይታለፋል። ጤነኛ ሕፃን በዚያ ዕድሜ እጅ አያዳላም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀድሞ ይችለው የነበረውን ነገር ያቆመ ልጅ በማንኛውም ዕድሜ ሳይዘገይ መታየት ይኖርበታል።

“ሕክምናው በሌለበት ማወቁ ምን ይጠቅማል?”

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ባለሙያዎቹና ማዕከላቱ በከተሞች የተከማቹ ናቸው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ በባሕር ዳርና በደሴ የአካል ተሐድሶ አገልግሎት አለ። በኦቲዝም ረገድ ደግሞ ዘሚ የኑስ የልጇን ችግር መነሻ አድርጋ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የከፈተችው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ለአገሪቱ ፈር ቀዳጅ ሆኗል። ለሩቅ ወረዳ ነዋሪ ግን እነዚህ ሁሉ የትራንስፖርት፣ የመኝታና የሥራ ቀን ወጪ ማለት ናቸው። ለአንድ ምክክር በግ የሚሸጥ ቤተሰብ “ልጅህ አይድንም” ተብሎ ቢመለስ ዳግመኛ አይመጣም።

ይሁን እንጂ አለማወቅ የበለጠ ያስከፍላል። ምክንያቱም በአንድ ስም “ዘገየ” የሚባሉት ልጆች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ የሚያስፈልገው የእንቅርት ዕጢ መድኃኒት ነው፤ በጊዜው ከጀመረ አንጎሉ ይተርፋል። ሌላው የሚጥል በሽታ አለበት፤ መድኃኒቱም አለ። ሦስተኛው አይሰማም ወይም አያይም። አራተኛው በምግብ እጥረት የደከመ ነው። አምስተኛው ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። ለእርሱ ሙሉ ፈውስ የለም፤ ነገር ግን ተቀምጦ መብላትን፣ በእጁ መያዝን፣ ምናልባትም በምርኩዝ መራመድን መማር ይችላል። እነዚህን ሳይለዩ ሁሉንም መተው ሊድን የሚችለውንም አብሮ መጣል ነው።

ብዙው ሥራ የሚሠራውም ሆስፒታል ውስጥ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው። ልጁን አስተኝቶ ማብላት ምግቡ ወደ ሳንባው እንዲገባ ያደርጋል። ደገፍ አድርጎ፣ አገጩን ዝቅ አድርጎ በትንሽ በትንሹ ማጉረስ ሕይወት ያተርፋል። ከእንጨት ወይም ከጭቃ የሚሠራ ባለመደገፊያ መቀመጫ ለጀርባው ድጋፍ፣ ለእጆቹም ነፃነት ይሰጣል። በቅቤ ማሸት ሊያስታግሰው ይችላል፤ ማሸት ብቻውን ግን እንቅስቃሴን አያስተምርም። አንጎል የሚማረው ልጁ ራሱ ሲሞክር ነው፤ ለሚወደው ነገር እጁን ሲዘረጋ፣ ሲሳሳት፣ ደጋግሞ ሲሞክር። የተገተረ እግርን በኃይል መጎተት ግን ጡንቻ ይቀድዳል፣ አጥንትም ይሰብራል፤ ወጌሻዎችም ቢሆኑ ይህን ማወቅ አለባቸው። ሕፃን ቀኑን ሙሉ በአንቀልባ መዋሉም የመንፏቀቅና የመሞከሪያ ጊዜውን ይወስድበታል፤ በየቀኑ በንጹሕ ምንጣፍ ላይ መለቀቅ አለበት።

ይህ ሥልጠና በገጠር እንደሚቻል የሚያሳይ መነሻም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው የእንክብካቤ ክህሎት ሥልጠና በአዲስ አበባና በቡታጅራ አካባቢ ተሞክሯል። ልዩ ባለሙያ ያልሆኑ ሠራተኞች ወላጆችን እንዲያሠለጥኑ የተነደፈ በመሆኑም ለጤና ኤክስቴንሽን መዋቅር የሚስማማ ነው።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ይደነግጋል። አገሪቱ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። በ2007 ዓ.ም ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ደግሞ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም ለማስቀረት ያለመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩ ሕፃናት 41 በመቶ ያህሉ ቀንጭረው ነበር።

መቀንጨርና የነርቭ ዕድገት እክል አንድ አይደሉም። የሚነኩት ግን ተመሳሳይ ቤተሰብን፣ ተመሳሳይ የዕድሜ ክልልንና ተመሳሳይ የጤና ሠራተኛን ነው። ለቁመትና ለክብደት የተዘረጋው መዋቅር እንቅስቃሴንና ንግግርን ቢጨምር አዲስ መሥሪያ ቤት መክፈት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በክትባት ካርዱ ላይ ጥቂት መስመሮች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አጭር ሥልጠና፣ በእያንዳንዱ ዞን ደግሞ የተላከውን ሕፃን የሚቀበል አንድ የታወቀ ቦታ ነው። የመጨረሻው ካልተሟላ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትርጉም ያጣሉ፤ ተልኮ ተቀባይ ያጣ እናት እምነቷንም ታጣለችና።

እስከዚያው ድረስ ቤተሰብ የሚያደርገው አለ። የዘጠኝ ወር ክትባት ቀን ሲደርስ እናት ወይም አባት ሳይጠየቁ “ልጃችን ገና አይቀመጥም” ብለው መናገር ይችላሉ። ጎረቤትም “ወንድ ልጅ ይዘገያል” ከማለቱ በፊት “ለመሆኑ አሳይታችሁታል?” ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ “ደህና ነው” ከሆነ የጠፋው ግማሽ ቀን ነው። መልሱ ሌላ ከሆነ ግን የተረፈው የልጁ ዘመን ነው።